አስር አለቃውን ሳስጠና

ሰሞኑን እንጅባራ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቤት ውለናል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጄ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ከስልኩ ያነብልኛል። የአሜሪካ ጦር አስር አለቆችና ሃምሳ አለቆች ሥርዓታቸውን ከአውሮፓ ነው አሉ የወረሱት። «ሰልፉን ከፕሩስያ…» ሲል ሳላስበው ቀጠልኩለት፤ ከወታደሩ ጋር አብሮ መኖሩን ከፈረንሳይ፣ የማዕረጉን ክብር ከእንግሊዝ። ልጁ «ከየት አወቁት?» አለኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን፣ ከተማችን ገና ኮሶበር ስትባል ነው። ዳንግላ ስማር ከርሜ ለክረምት ቤቴ ገብቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ አስር አለቃ ሙላትም በፈቃድ መጣ። ለሃምሳ አለቃነት ሊፈተን ጦራችንን የሚያሰለጥኑት አሜሪካኖች ያዘጋጁት ወረቀት ይዟል፤ እንግሊዝኛው ግን አልገፋለት አለ። እናቱ እናቴን ለምነው አስጠኚዋ እኔ ሆንኩ። ካለፈ ሐረር ሄዶ አሰልጣኝ ይሆናል። ከወደቀ ባሕር ዳር ይመለሳል፣ በየበዓሉም ይመጣል።

እናቴ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቅርባልን አጠገባችን ጥጥ ትፈትላለች፤ ጥበቃ መሆኑ ነው። እሱ ትኩሱን ድንች እየላጠ፣ እፍ እያለ ይሰጠኛል። የአዊ ድንች ዛሬም ሞልቷል፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ግን የለም።

በመጨረሻው ቀን በቃሉ ሲወጣልኝ ፕሩስያንና ፈረንሳይን አቀያየራቸው።

«ልክ ነኝ?» አለኝ።

በየበዓሉ መምጣቱ ታሰበኝ። «ልክ ነህ» አልኩት።

በማግስቱ በጭቃው ወደ አውቶቡሱ ሲወርድ ከቀርከሃው አጥር ሥር ቆሜ እስኪሰወር አየሁት።

በጥቅምት ደብዳቤው ደረሰኝ። አብሮት የሚፈተን ጓደኛው አርሞት ኖሮ አልፏል። ቁጣ የለበትም። «ወረቀቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂው ነበር፤ ለምን እንዳደረግሽው ገብቶኛል። አትሂድ ብለሽኝ ቢሆን ፈተናውን እተወው ነበር» ይላል።

መልስ አልጻፍኩለትም። ያኔ በመዋሸቴ ያፈርኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያፈርኩት መውደዴ ስለታወቀብኝ ነው። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር። የአስር አለቃው ናፍቆት ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ አልለቀቀኝም።

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ አንድ ወታደር አስጠንቼ ነበር አልኩት እንጂ።

«ታዲያ ስማቸውን ይንገሩኝ፣ እማማ። ልፈልጋቸው» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬም አፍሬ ረሳሁት ልል ነበር። ከዚያ ግን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገርኩት። ስሙን ድምፄን አውጥቼ ስጠራው ከዚያ ክረምት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።