የአማን ቱሴ ስካር

የአሰላው ጋሪ ነጂ አማን ቱሴ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ግን የአሜባ ኪኒን ይገዛል። ፋርማሲው የሐኪም ወረቀት አይጠይቀውም፤ ዳቦ ሻጭ እንኳ ከዚህ ይበልጥ «የቱን ልስጥህ?» ብሎ ይጠይቃል። ክረምቱን ሙሉ ሲውጥ ከረመ። መጀመሪያ እግሩ ደነዘዘ፤ ከዚያ ሲራመድ መንገዳገድ፣ ሲናገር መንተባተብ ጀመረ።

ልጁ ፈይሩዛ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ አባት ሐጂ ቃሲም «ከሰካራም ቤት ልጅ አላመጣም» ብለው ሽማግሌ ላኩበት።

«አማን፣ መጠጥ የጀመርከው መቼ ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«ወ...ወላሂ፣ ጠ...ጠብታ...»

«በቃ ተወው፤ ምላስህ መሰከረብህ።»

ሚስቱ ሙቢና ግን እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ አየች። «ይሄ ሲበዛ ነርቭና አንጎል ይጎዳል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነካው» አለችው። አቆመ። ቀስ በቀስ እርምጃውም ንግግሩም ተስተካከለ።

ይህን ጊዜ ሐጂ ቃሲም ራሳቸው መጡ።

«አልሐምዱሊላህ! መጠጡን መተውህን ሰማን። ሠርጉ ይደረጋል» አሉ።

አማን ስለ ኪኒኑ ሊያስረዳ ሲል ሙቢና በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ፈይሩዛ በር ላይ ቆማ ታያለች። አማን «አልሐምዱሊላህ» አለ።

«ታናሽ ወንድሜም አረቄ አልለቅ ብሎታል» አሉ ሐጂ። «አንተ ምከርልኝ።»

እነሆ አሁን የሰፈሩ ሰካራም ሁሉ ወደ አማን ይላካል። አማንም ያስቀምጠውና «ወንድሜ፣ ሆድህን ሲያምህ መጀመሪያ ተመርመር» ብሎ ይመክረዋል።