አራቱ ገመዶች

«ልጆቹን አታንጠልጥላቸው ነው የምልህ» አልኩት ለሦስተኛ ጊዜ።

ወንድሜ ማቴዎስ ከሚዛን ከተማ ገበያ የገዛውን ገመድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ቴፒ አጠገብ ካለው ቤቱ ባለፈው ሳምንት ንፋስ ሁለት ቆርቆሮ ወስዶበታል። ገመዱን ከጣሪያው እንጨት ላይ ሊያስረው ነው፤ ንፋስ ሲመለስ እሱ፣ ሚስቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ተንጠልጥለው ጣሪያውን ሊይዙ። ቦይ ቆፍራችሁ እዚያ ተኙ አልኩት።

«ቦዩንማ አንተ ታውቀዋለህ» አለኝ። «ገመዱን ለቀህ ደብተርህን አቅፈህ የተኛህበት።»

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። መጋቢት ነው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ቡናው አብቦ መንደሩ ማር ማር ይሸታል። አባባ በዚያ ዓመት የሣር ክዳናችንን አውርዶ ቆርቆሮ መትቶ ነበር። የሣር ቤት ንፋስ ሲመጣ ጎንበስ ይልና ይመለሳል፤ ቆርቆሮ ግን ክንፍ ነው። አባባም ይህን አይቶ ከጣሪያው እንጨት ላይ አራት ገመድ አሰረ፤ ለእናቴ፣ ለራሱ፣ ለማቴዎስና ለእኔ። «የዚህ ቤት ምስማር እናንተ ናችሁ» እያለ ይቀልድብን ነበር። እንዳይንሸራተት እጃችን ላይ እንድንጠመጥመውም አስተማረን።

ከሰዓት በኋላ ነው። የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እየበላን፣ ከቡና ቅጠል የተፈላውን ጨሞ እየጠጣን ሳለ ከጫካው በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ሰማን። በዚያ ጭቃ መኪና እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን። በበሩ ስናይ አውሎ ነፋሱ የቡናውን የጥላ ዛፎች አናት እየጠመዘዘ ወደ እኛ ይመጣል።

ሮጠን ገመዳችንን ያዝን። ጣሪያው አቃሰተ። እግሬ ከመሬት ተነሳ፣ ተመለሰ። ሁለተኛ ሲነሳ የአባባም እግር አብሮ ተነሳ። አባባ ከሁላችንም ከባድ ነው። እሱን ያነሳ ንፋስ እኛን ከቁም ነገር እንደማይቆጥረን ገባኝ። ገባኝና ለቀቅኩ። በጓሮ በር ወጥቼ፣ እንሰቱ ሥር ለጎርፍ የተቆፈረው ቦይ ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። የትምህርት ደብተሬ ሸሚዜ ውስጥ ነበር።

ቀና ስል ጣሪያ የለም። እናቴና አባባ ገመዱ አምልጧቸው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ማቴዎስ ግን እንደተማረው እጁ ላይ ጠምጥሞት ነበር። ከጣሪያው ጋር ተነስቶ ቡናው መሃል ተጣለ። መንገዱን ዛፍ ስለዘጋው ጎረቤት ተፈራርቆ በቃሬዛ ቴፒ ሐኪም ቤት አደረሰው። የቡናው አበባ ፀጉሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተጣብቆ ነበር። እግሩ አልዳነም።

ከዚያ ወዲህ የምንከራከረው ስለ ክብደት ነው። እሱ፣ አንተ ባትለቅ ጣሪያው አይሄድም ነበር ይላል። እኔ፣ አራት ሰው አውሎ ነፋስ አይይዝም እላለሁ። እውነቴን ነው። ግን ይህን እውነት እስኪያረጅ የደጋገምኩት ሌላውን ላለማንሳት ነው። ያን ቀን በሩን ሳልፍ ከማቴዎስ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተናል። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር።

«ውጣ ልልህ እችል ነበር» አልኩት ዛሬ። «አላልኩህም።»

ሊጠቀልለው ያነሳውን ገመድ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ብትለኝ እወጣ ነበር» አለ።

«አሁን እያልኩህ ነው። ልጆቹን አስወጣቸው።»

ገመዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በምርኩዙ ተነሳ። ልደግፈው እጄን ብዘረጋ አላየውም።

«እኔ ቤት ገመድ የሚለቅ የለም» አለና ወጣ። በሩን ከውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋው።