የግዥ ክፍሉ ሰው ደመወዝ

እህቴን ለማግባት ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ግዥ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ግዥ ክፍል! ናዝሬት ውስጥ ግዥ ክፍል እየሠራ የቸገረው ሰው አላውቅም። ቀጥሎ የሚኖረው በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት እንደሆነ፣ ከሥራ ሲወጣም ባጃጅ እንኳ ሳይዝ በእግሩ እንደሚሄድ ነገሩኝ። ያኔ ጠረጠርኩ።

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። አባቴም ይህን ስለሚያውቅ «አጣራ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ደመወዙን ጠያይቄ ደረስኩበት። ጥሩ የሚባል ነው። ጥሩ ማለት ግን በዚህ ዘመን ምን እንደሆነ ይታወቃል፦ ኪራይ ይከፈላል፣ ጤፍና ዘይት ይገዛል፣ ወሩ ሃያ ሲደፍን ሰውየው ስልክ ማንሳት ይፈራል። በዚህ ደመወዝ ሚስት ላግባ የሚል ወይ ሌላ ገቢ አለው፣ ወይ ጤነኛ አይደለም። ሌላ ገቢ ካለው ደግሞ የት አደረሰው? ይቆምራል? ወይስ የደበቃት ሴት አለች?

ክፍል የሚፈልግ ሰው መስዬ አከራይዋ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ጎረቤቶቹ ስጠይቃት እሱንም አነሳችልኝ። «ወር በገባ ቁጥር ሳልጠይቀው ይከፍላል። ሽሮውን ራሱ ይሠራል። ሰው አያመጣም። ብቻ ደመወዝ ሲወጣ መቂ ይሄዳል፤ ሽንኩርት የሚጫንበት ሰፈር ቤተሰብ አለኝ ይላል።»

ቤተሰብ! ያዝኩት አልኩ በልቤ።

በማግሥቱ በሚኒባስ መቂ ወረድኩ። የሄድኩት የደበቃትን ሚስት ፍለጋ ነው፣ ምን ይደበቃል። ሽንኩርት የሚጫንበት ደርሼ ስሙን ጠርቼ ስጠይቅ ያገኘሁት ግን እናቱን ነው። ላስቲክ በተወጠረበት ጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ አይሱዙ ላይ ከሚጫነው ሽንኩርት የበሰበሰውን ይለቅማሉ።

«የልጅዎ ወዳጅ ነኝ» አልኳቸው።

«አካም ጂርታ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ አጠገባችን የቆሙት የሽንኩርት ደላሎች እንዳይሰሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወዳጁ ከሆንክ እውነቱን ንገረኝ። በየወሩ ብር ያመጣልኛል። እማዬ፣ ደመወዜ ጥሩ ነው ይለኛል። የዘንድሮ ደመወዝ ለእናት ይተርፋል እንዴ? የመንግሥት ብር እየነካ እንዳይሆን። ካወቅህ አትደብቀኝ፣ ልጄ።»

ልጃቸውን ሚስት ደብቋል ብዬ ልይዝ የመጣሁት እኔ፣ ሌባ አይደለም ብዬ ማልሁላቸው። እስኪያምኑኝ ድረስም ቆየሁ፤ ስለ ሽሮው፣ ስለ አንዷ ክፍሉ፣ በእግሩ ስለ መሄዱ ነገርኳቸው። እፎይ አሉና ሽንኩርት ቋጥረው ሰጡኝ።

በነጋታው ምሳ ላይ ለአባቴ ተናገርኩ። እናቴም እህቴም ነበሩ።

«ንጹሕ ነው» አልኩ። «አይቆምርም፣ ሴት የለችውም፣ ጉቦ አይነካም። የሚኖረው በደመወዙ ነው።»

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ ይዞ ቀረ። «በደመወዙ ብቻ?»

«ብቻ።»

«ግዥ ክፍል ተቀምጦ?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ልጄን አልሰጥም። ሰው ሁሉ ሲበላ ቆሞ የሚያይ ሰው ነገ በምን ቤት ይሠራል? ልጆቹንስ ምን ያበላቸዋል?»

ተናደድኩ። የባሰ ያናደደኝ ደግሞ ነገሩ ለአፍታ ትክክል መስሎ መታየቱ ነው። ሌባ ይሆን እንዴ ብለን ስንሰጋ ሰንብተን ለካ ጥፋቱ አለመስረቁ ኖሯል።

እህቴ እስከዚያ አንገቷን ደፍታ ነበር። «አባዬ» አለችው፣ «ይሄ ቤት የተሠራው በደመወዝ አይደለም?»

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ያደግንበት ቤት ባለ አራት ክፍል ብሎኬት ነው፣ ከነሰርቪሱ። አብሮት መጋዘን ይሠራ የነበረው ሰውዬ ዛሬም የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የስንቱን ሰው ኑሮ ስመረምር ኖሬ ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«በደመወዝ ነው እንጂ!» አለ አባቴ። «ያኔ ኑሮ ርካሽ ነበር።»

እናቴ ወጥ እየጨመረችለት ነበር። ቀና አላለችም።

«መቼ ርካሽ ሆኖ ያውቃል?» አለች።

አባቴ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ እጁን ታጠበ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሽማግሌዎቹን እሑድ ይምጡ በላቸው» አለኝ።