ጥቁሩ አሸዋና የቀበሌው ማኅተም

ወንድሜ እሁድ ማለዳ በሬን ሲያንኳኳ ሌሊቱን እንዳልተኛ ፊቱ ይናገር ነበር። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማኅተሙ ጠፍቷል» አለኝ።

ወንድሜ አሰላ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበር። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ማኅተም ምን እንደነበር ለኖረበት ሰው አይነገርም። ላልኖረበት ግን ልንገረው፦ ያለ እሱ በቆጂ ድረስ እንኳ መሄድ የለም፣ ስኳር ማውጣት የለም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት የለም። ከወንድሜ በፊት የነበረው ጸሐፊ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ምሳ ሲወጣ አንድ ሰው የይለፍ ወረቀት መትቶበት ጠፋ። ጸሐፊው ታሰረ፤ አልተመለሰም። ስለዚህ ወንድሜ የናሱን ማኅተም በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ሲተኛም አያወልቀውም። ሚስት ብታገባ በዚህ ብቻ ትፈታህ ነበር እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የቀበሌው ሰዎች ለኅብረት ሱቁ ዓሣ ሊያመጡ ዝዋይ ሐይቅ ወርደው ነበር። ደገኛ ቆላ ሲወርድ የመጀመሪያ ሥራው ልብሱን መጣል ነው። ሁሉም ውሃ ሊገባ ሲያወልቅ ወንድሜም አወለቀ። ማኅተሙን ይዞ አይዋኝ፣ ከልብሱ ጋር አይተወው፣ ማንንም አያምን። በመሐረብ ጠቀለለውና አሸዋ ውስጥ ቀበረው፤ ለምልክት ጫማውን ከላይ አስቀመጠበት። ከውሃው ሲወጣ ጫማው የለም። ከጓደኞቹ አንዱ ማዕበል እንዳያረጥበው ብሎ አንስቶ መኪናው ላይ አድርጎለታል። ሰውየው ደግ ስለሆነ እስከ ዛሬ ልረግመው አልቻልኩም። ማኅተም ጠፋብኝ ማለት በገዛ አፍ ራስን ማሳሰር ነውና፣ ወንድሜ ጫማውን አጥልቆ ከሰው ጋር እየሳቀ ተመለሰ።

«ነገ ጠዋት ሊቀመንበሩ ማኅተም አምጣ ይለኛል» አለኝ። «ያንን የሚጮኸውን ዕቃህን ይዘህ ና።»

ዕቃው የእኔ አልነበረም። እኔ የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዕቃው ደግሞ ፈረንጆች ጥለውልን የሄዱት፣ የተቀበረ ቧንቧ መፈለጊያ ነው። ከታች የድስት ክዳን የሚያክል ክብ፣ መሐሉ ዘንግ፣ ከላይ ሳጥንና የጆሮ ማዳመጫ አለው። ከሥሩ ብረት ካለ ይጮኻል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። መሣሪያው ሲወጣ በር ላይ፣ ዓይናቸው እያየ ይሞከራል፤ በአሰላ ቀይ አፈር ላይ ዝም እስኪል ማስተካከያው ይዞራል። ከዚያ ማስተካከያውን ማንም እንዳይነካው ስስ ወረቀት ይለጥፉበትና የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ይመቱበታል። እሽጉ ተቀዶ ከተመለሰ አሻጥር ነው። አሻጥር ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ቧንቧ ፈንድቷል ብዬ ከቤታቸው ጠራኋቸው። አመኑኝ። ሞከሩ፣ አሸጉ፣ አስፈረሙኝ። ወንድሜ ማዶ ቆሞ በአንድ እግሩ ጠጠር ይገፋ ነበር።

በጭነት መኪና ወርደን የቀረውን በእግራችን ጨርሰን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ካፖርታችንን አውልቀን ጣልን። ወንድሜ ከአንድ ግራር እስከ አንድ የተሰበረ ጀልባ ድረስ በእጁ አሳየኝ። «እዚህ መሐል ነው፤ ይመስለኛል» አለ። ከታች በኩል ሰዎች በአካፋ አሸዋ ይጭናሉ፤ አንዱ መኪና ሲሞላ ሌላው ይመጣል። ማኅተሙን በአካፋ አፍሰው እንዳይወስዱት ደግሞ ሌላ ጭንቀት።

መሣሪያውን ከፈትኩት፤ ጮኸ። ወንድሜ ተንበርክኮ ቆፈረ። ምንም የለም። አንድ እርምጃ ሄድኩ፤ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ ምንም። የትም ባስጠጋው ይጮኻል። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየጠገነ አይቶን «ማል በርባዱ?» ሲል ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን።

«ቁልፍ» አለው ወንድሜ ቀና ሳይል።

ከመሣሪያ ቦርሳዬ ብሎን የማነሳበትን ማግኔት አወጣሁና አሸዋው ላይ ጣልኩት። ሳነሳው ጥቁር ጢም አብቅሏል። አሸዋው ራሱ ግማሹ ብረት ነው ማለት ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ አሰላ ላይ የተስተካከለው ለአሰላ አፈር ነው። ማስተካከያውን እዚሁ አሸዋ ላይ ዝም እስኪል ባዞረው፣ አሸዋውን ትቶ ናሱን ብቻ ይነግረኛል። ይህን ያወቅኩት ያኔውኑ ነው። ወረቀቱን አየሁት። ክብ ማኅተሙን አየሁት። አልነካሁትም።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። ብነግረው ወረቀቱን በጥርሱ ይቀድደው ነበር። እኔ አስጮኻለሁ እሱ ይቆፍራል፣ እንደዚህ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። ጥፍሮቹ ደሙ። በየመሐሉ ቀና ብሎ አሸዋ ጫኞቹን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ ፀሐይዋን ያያል። እኔም እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኝ፣ የፈለግነውን ቦታ እንደገና እዞራለሁ። ፈሪ ነበርኩ። ሌላ ስም አላወጣለትም።

በመጨረሻ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ይሄ ዕቃ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«አሸዋው ነው ጋሼ።»

«ምንም ማድረግ አይቻልም?»

«ምንም» አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጁን አራገፈና ተነሣ። «እነዚያን ሰዎች ውሃ ልለምን» ብሎ ወደ አሸዋ ጫኞቹ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ያ «ምንም» ያልኩት ጆሮዬ ውስጥ አልወጣ አለ። ለአንዲት ወረቀት ስል ወንድሜን ላሳስረው ነው? አውራ ጣቴን አስገባሁና ቀደድኩት። እንደዚያ ቀላል ነበር። ክቡን ባዶ አሸዋ ላይ ይዤ ማስተካከያውን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐይቁን ድምፅ ሰማሁ።

ከጀልባው ጀምሬ ወደ ግራሩ ሄድኩ፤ ከአሸዋው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ፣ ሳልቸኩል። ሃያኛዋ እርምጃ ላይ ይሁን ሠላሳኛዋ፣ አጭር፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰማሁ። መለስኩት፤ ደገመልኝ። ማዳመጫውን ወርውሬ በእጄ ቆፈርኩ። ክንዴ እስከ ክርኔ ሳይገባ ጨርቅ ነካሁ። መሐረቡ፣ ክሩ፣ ማኅተሙ።

«ጋሼ!» ብዬ ዞርኩ።

የሞላው የአሸዋ መኪና መንቀሳቀስ ጀምሯል። መንገዱ ወደ ዝዋይ ከተማ ነው፤ ከዚያ አስፋልቱ ደቡብን ይዞ ሞያሌ፣ ድንበሩ ድረስ ይወስዳል። ወንድሜ ከአሸዋው ክምር ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱን እኔ ዘንድ ትቶታል። አገኘሁት እያልኩ ሮጥኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። እንዲያይልኝ ብዬ ማኅተሙን ከነመሐረቡ ከራሴ በላይ አንስቼ አውለበለብኩ።

አየኝ። መሄዱ ገብቶኝ በመሐረብ የምሰናበተው መሰለው። እጁን አነሣና እሱም አውለበለበልኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።