የልጄ ዘገምተኛ ደጋን

አሜሪካ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወርነው በእኔ ሥራ ምክንያት ነው። የማጸዳው ሕንፃ እዚህ ሆነና በባቡር መመላለሱ ከበደኝ። ልጄ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ጓደኞቿ እዚያው ቀሩ። በአዲሱ ትምህርት ቤት ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የቀራት ነገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከድሮ ጓደኞቿ ጋር አራት ሆነው፣ ሁሉም በየቤታቸው ተቀምጠው፣ በኮምፒውተር አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ዘንዶና ጠንቋይ፣ የፈረሰ ግንብም ያለበት ጨዋታ ነው። አንዷ ጋሻ ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ እሳት ትወረውራለች፣ ሦስተኛዋ የቆሰለ ታድናለች። የእኔ ልጅ ደጋን ትስባለች።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅ በኮምፒውተር ከማን ጋር እንደሚያወራ አይታወቅም ሲሉ ስለሰማሁ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የታጠበ ልብስ ይዤ ከኋላዋ እቀመጣለሁ።

«እማ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

«ልብስ እያጠፍኩ ነው።»

«ሳሎን እጠፊያ!»

«እዚህ ብርሃን አለ።»

በኋላ ለመደችኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ የሚበቃ ነው፤ የልጆች ወሬ ሲፈጥን ግን ያመልጠኛል። አንድ ቅዳሜ ጋሻ ያዧ፣ አለቃቸው እሷ ነች፣ ረጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ቃሉን ሁሉ አልያዝኩትም፤ ልጄ አንገቷን ስትደፋ ግን አየሁ። ጨዋታው እንዳለቀ ጠየቅኋት።

«ምን አለችሽ?»

«ናቲንግ።»

«ናቲንግ ከሆነ ለምንድን ነው ዓይንሽ የቀላው?»

ቀስ በቀስ አወጣችው። ትልቁን ዘንዶ ሊገጥሙት ነው። የእሷ ቀስት ግን እየዘገየ ሁልጊዜ ይጎዳሉ። እስከዚያ ካላስተካከለች ሌላ ቀስተኛ ያስገባሉ፤ ቦታው ደግሞ ለአራት ሰው ብቻ ነው። የጨዋታ ነገር ነው ብዬ ልተወው አልቻልኩም። እነዚህ ልጆች ከሄዱ ሌላ ጓደኛ የላትም።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ግን ያልገባኝ ነገር ሲያሳስበኝ እረፍት አላገኝም። ቁጭ ብላ እንድታስረዳኝ አደረግሁ።

እያንዳንዱ ደጋን የራሱ ፍጥነት አለው። ደጋኑን ስትነኪው ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ቀስት እንደሚወረውር ይናገራል። አጭሩ ደጋን ቶሎ ቶሎ ይወረውራል፣ ምቱ ግን ቀላል ነው። ረጅሙ ሲመታ ያደቅቃል፣ ግን ተስቦ እስኪለቀቅ ድረስ አውሬው አጠገብሽ ይደርሳል። ስለዚህ የምቱን ኃይል ብቻ አይቶ ደጋን አይመረጥም፤ ኃይሉ በፍጥነቱ መባዛት አለበት።

«የአንቺስ?»

«የእኔ ስሎው ነው። በጣም።»

«ጓንት አጥልቄያለሁ አላልሽኝም? ጓንቱ ያፈጥናል ብለሽ?»

ጓንቱስ ያፈጥናል። ነገር ግን የሚጨምረው ከደጋኑ ከራሱ ፍጥነት ላይ ከመቶ አስር ነው። ደጋኑ ፈጣን ከሆነ ጭማሪው ይታያል፤ ዘገምተኛ ከሆነ ግን ከጥቂት ላይ የሚሰላው ጭማሪም ጥቂት ነው። የሚያፈጥን ቀለበት በጣቷ ብታደርግም የቀለበቱ ጭማሪ የሚሰላው ከደጋኑ ከመጀመሪያው ቁጥር ነው እንጂ ጓንቱ ካፈጠነው ላይ አይደለም። ደጋግሜ አስነገርኳት። የልብስ ስፌት መኪናዬ ትዝ አለኝ።

«መኪናው አሮጌ ከሆነ ፔዳሉን ብትረግጪው ብትረግጪው አይሮጥም ማለት ነው።»

«ያ! ልክ እንደሱ። መኪናው ነው መቀየር ያለበት።»

እስቲ ልሞክር አልኩ። ጅብ የመሰለ ነገር ወደ እኔ ሲመጣ ደጋኑን መሳብ ጀመርኩና ሸሸሁ። እንደገና ሳብኩ፣ እንደገና ሸሸሁ። አንድም ቀስት አልወጣም።

ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማ፣ አትሽሺ! መጀመሪያ ቀስቱ ይውጣ። ስትንቀሳቀሺ ካንስል ያደርገዋል።»

«በላኝ እኮ!»

«ይብላሽ፣ አንዴ ነው የሚነክስሽ።»

ይብላሽ የምትል ልጅ ወለድኩ እያልኩ እኔም ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግንቡ ውስጥ አንድ ጠባቂ ጣሉ፤ ከሬሳው አጠገብ የሚያበራ ደጋን ወደቀ። ቁጥሩን ከኋላ ሆኜ አየሁት፤ ከእሷ ደጋን በጣም የሚበልጥ ፍጥነት ነበረው። አለቃቸው የሚፈልግ እንዳለ ጠየቀች። ልጄ ቶሎ ብላ «ኢትስ ኦኬ፣ እናንተ ውሰዱት» አለች በእንግሊዝኛ። እጇን ከቁልፎቹ አንስታ ጠበቀች። ደግሞ የጠየቃት ግን የለም። እሳት ወርዋሪዋ አነሳችውና ገበያ ወስዳ ሸጠችው። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«አልፈለግሽውም እንዴ?» አልኳት እረፍት ሲያደርጉ።

«ፈልጌው ነበር።»

«ታዲያ?»

«አንዴ ብቻ ነው የጠየቁት።»

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ቤት ስንሄድ ሳህን ሲዘረጋላት ወደ እኔ ትዞራለች፤ እኔ በዓይኔ «ቆይ» እላታለሁ። «ጠግቤያለሁ» ትላለች። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ስትል እንደገና «አይ፣ ይቅርብኝ» ትላለች። ሦስተኛ ስትለመን ትበላለች። ሰው ሁሉ ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ይላል። እኔም ኮርቼባታለሁ። እዚህ አገር ግን አይሆንም ስትይ አይሆንም ማለትሽ ነው። ዝናብ እየዘነበ የሥራ ባልደረባዬ በመኪናዋ ላድርስሽ ብላኝ «አይ፣ አታስቸግሪ» አልኳት። በቅንነት «ኦኬ» ብላ ሄደች። እኔ አውቶቡስ ጣቢያ ሆኜ ደግማ ትጠራኛለች ብዬ የመኪናዋን የኋላ መብራት እያየሁ ቆየሁ።

«ስሚኝ» አልኳት። «ከእነሱ ጋር ስትሆኚ መጀመሪያ ሲጠይቁሽ ተቀበይ።»

«ስግብግብ ነኝ ብለው ቢያስቡስ?»

«የሚያስቡ አይመስለኝም» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አልነበርኩም።

ጨዋታው ቀጠለ። ከግንቡ ሥር ሌላ ጠባቂ ወደቀና እንደ ዕድል ሆኖ ሌላ ደጋን ተገኘ። እንደ ፊተኛው ባይሆንም ከእሷ የፈጠነ ነው። አለቃቸው ጠየቀች። ልጄ ዞራ ዓይኔን አየችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት።

«አይ ዋንት ኢት»፣ እፈልገዋለሁ አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። ቀጥላም፣ «ኤንድ አይ ዋንትድ ዘ አዘር ዋን ቱ» አለች።

ፊቴን በያዝኩት ፎጣ ሸፈንኩ። የመጀመሪያውንም ፈልጌው ነበር ማለት ምን ያስፈልጋል!

ከወዲያ በኩል እሳት ወርዋሪዋ ጮኸች፤ በኋላ ልጄ እንዳስረዳችኝ «ለምን አልተናገርሽም? በርካሽ እኮ ነው የሸጥኩት!» ማለቷ ነበር። አለቃቸው ሳቀች። ደጋኑን አንስታ ለልጄ ሰጠቻትና ለሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ለዘንዶው፣ በሰዓቱ እንድትገኝ ነገረቻት።

ልጄ አዲሱን ደጋን ያዘች፤ የግንቡ ግድግዳ ላይ ሞከረችው። ቀስቱ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ወጣ። የድሮው አንዱን ለቅቆ ሌላውን እስኪስብ አንድ ካልሲ አጥፌ እጨርስ ነበር።

«አመሰግናለሁ በያት እንጂ!» አልኳት በሹክሹክታ።

«ብያታለሁ እማ። ታይፕ አድርጌላታለሁ።»

«በአፍሽ በያት።»

ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች፤ ከዚያ ግን በአፏ አለቻት።