ያለ ሐዘን የተቆረጠ ፀጉር

በእኛ ቤት የሴት ፀጉር የሚቆረጠው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ይኼንን ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም፤ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ሲሞት በዓይኔ አይቼ ተማርኩት። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለው ግቢያችን ሴቶቹ እናቴን ከጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጠው እስከ ወገቧ የሚወርደውን ፀጉሯን ሲቆርጡት በመስኮት አየሁ። መቀሱን የያዙት እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እያለቀሱ ስለነበር አንዱን ጎን አሳጥረው ሌላውን ረዘም አድርገው ተዉት። እናቴ መስታወት አልጠየቀችም።

ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁሯን አስወለቃት። ነጠላዋን ነጭ አደረገች፤ በፀጉሯ ግን እምቢ አለች። ጣት ያህል ባደገ ቁጥር ራሷ በልብስ መቀስ ትከረክመውና ሻሿን ታስርበታለች። "ለእሱ ነው" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ለራሷ የነፈገችውን ሁሉ በእኔ ራስ ላይ አወጣችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጉልበቶቿ መሐል አስቀምጣ ታበጥረኛለች፣ ቅቤ ትቀባኛለች፣ ከዚያ ዓይኔ እስኪወጠር ድረስ ሹሩባ ትሠራኛለች። ሳለቅስ "ቻይው፣ ጨረስኩ እኮ" ትለኛለች፤ ገና ግማሽ ላይ ናት። ስትጨርስ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ ታዞርና "አምሮብሻል" ትለኛለች። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን አንዲት ቃል ነበር። እናቴ ሙገሳ ላይ ቆጣቢ ናት። ከመቶ ዘጠና ስምንት ያመጣሁ ዕለት እንኳ "ሁለቱ የት ገባ?" ነው ያለችኝ።

አድጌ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ወደ አርባ ስጠጋ ያ ሁሉ ጥብቅ ሹሩባ ዋጋውን ጠየቀኝ፤ ከግንባሬ ግራና ቀኝ ፀጉሬ ሳሳ፣ ከዚያም ሸሸ። መሐሉ እስከ ትከሻዬ ይወርዳል፣ ዳሩ ባዶ ነው። በሻርፕ ሸፈንኩት። በኮምቦልቻ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሻርፕ አስሮ መዋል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትንሽ ፀጉር ቤት ያላት አንዲት ከደጋን ከተማ የመጣች ሴት ነበረች። እጇ ይባረክ፤ አፏ ግን ምሕረት አያውቅም። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም "ጫፍ ጫፉን ብቻ" ብዬ ተመለስኩ። በአራተኛው ቆርጬ ተነሳሁና ስልኬ ላይ የመረጥኩትን ፎቶ አሳየኋት። ቀጭን ፊት ያላት ሴት ናት፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጎን ሁሉ ልጥፍ ተደርጎ አጥሯል።

"ይኼ ያማረው ለእሷ ነው" አለችኝ። "የእሷ ፊት ረዥም ነው። አንቺ ጉንጭ አለሽ። ጎንሽን እንዲህ ካደረግሁት ድፎ ዳቦ ነው የምትመስዪው፣ ወላሂ!"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረችና ፀጉሬን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችው። ፊቴ እንዲረዝም ከላይ ከፍ ይበል አለች። የሸሸውን እንዲሸፍንልኝ ከፊት ወደ ጎን ይውረድ፤ ከጆሮዬ ፊት ደግሞ ጥቂት ይቅር። "ከኋላ ግን እስከ ማጅራትሽ አሳጥረዋለሁ። አንገትሽ እኮ ቆንጆ ነው፤ ለማን ብለሽ ነው የደበቅሽው?"

እስከዚህ ዕድሜ ድረስ ስኖር ስለ አንገቴ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

"እናቴ ታየኛለች" አልኳት።

"አብሽሪ፤ ስታይሽ ትወደዋለች።"

"እናቴን አታውቂያትም።"

መቀሱ ከጆሮዬ ኋላ ድምፁን ሲያሰማ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት እኔው ነኝ፤ ግን ከባድ ነገር ከላይዋ ያወረዱላት ትመስላለች። ደስ አለኝ፤ እየደጋገምኩ ማጅራቴን ዳበስኩ። ወዲያው ደግሞ እናቴ አገጬን ይዛ ያቺን ቃል እንድትለኝ አማረኝ፤ ስንት ዓመት ሳልሰማት ኖሬ ነበር።

ጥፋቴ እስከ እሑድ አለመታገሤ ነው። በማግሥቱ ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ሳልደውል፣ ባዶ እጄን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ በተራቆተው ማጅራቴ ስለገባ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ሰፈራችን ስደርስ ግን ገለጥኩት። እናቴ ከነሙሉ ቁንጅናዬ እንድታየኝ ነበር ምኞቴ።

መጀመሪያ ያዩኝ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁት እትዬ ነበሩ። በሥራ ቀን፣ ሳይታሰብ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ መምጣቴን አዩ። ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ወይኔ ልጄን! ማንን ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ ማንም አልሞተም። እንዲያው ነው የተቆረጥኩት።"

መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚለው ደግሞ ይኼንኑ ነው። "ማንም አልሞተም"፣ "ትንሽ አሞት ነው"፤ እኔ ራሴ ስንቱ በር ላይ ቆሜ ብዬዋለሁ። ስለዚህ በማልኩ ቁጥር እሳቸው የባሰ አመኑ። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው "ብቻሽን እንዳትነግሪያት፤ ቆይ ሰው ልጥራ" አሉኝ። ከእጃቸው ሳልላቀቅ አራት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከኋላዬ ቆሙ።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ኑሮው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አሥር ቀን ሙሉ ድምፁ አልተሰማም ነበር፤ ይኼንንም መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

እናቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ እንደያዘች ከቤት ወጣች። ራሴን አየች። ከኋላዬ ያሉትን ሴቶች አየች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን ነው?"

"ደህና ነው! እማዬ፣ እንዲያምርብኝ ብዬ ነው የተቆረጥኩት!" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ይኼን ሲሰሙ ጭራሽ አለቀሱ፤ በሐዘን ብዛት የምትለው ጠፍቷት ነው ብለው ይመስለኛል።

እናቴ ምስሩ ላይ ቁጭ አለች። ሻሿ ተንሸራቶ ወድቋል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በአምስተኛው ላይ እኔም ራሴ ፈራሁ። እናቴ በሁለት እጇ ራሷን ትዳብሳለች፤ ልትነጭ የምትፈልገው ፀጉር ግን በጣቶቿ መሐል ያመልጣታል፣ ለመያዝ እንኳ አይበቃም። ያን እጇን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በመጨረሻ አነሳ። ሚሌ አጠገብ ጎማ እየቀየረ ነበር። "ምን ሆናችሁ?" አለ እንደመቆጣት ብሎ። እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

"ድገመው" አለችው።

"ምኑን?"

"ያልከውን። የፈለግኸውን። ብቻ ዝም ብለህ ተናገር።"

ሴቶቹ ከለቅሶ ወደ ሳቅ ለመሻገር ጊዜ አልፈጀባቸውም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው "አንቺ ቀውስ፣ በቁማችን ልትገድይን ነበር!" እያሉ ጀርባዬን ደለቁት። ምስሩንም አብረው ለቀሙ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሰው ሁሉ ሲሄድ ወደ ራሴ ሳታይ ጠየቀችኝ።

"ለማን ብለሽ ነው?"

"ለማንም። ያምርብኛል ብዬ ነው።"

"እስኪያድግ ድረስ በዚህ ራስሽ እዚህ ቤት እንዳትመጪብኝ።"

ሐረጎን ስንወርድ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፀጉሬን አየት አድርገው "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሉኝ። "አሜን" ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ሁለት ወር አለፈ። ስደውልላት "አደገ?" ትለኛለች፤ "እያደገ ነው" እላለሁ፤ ወሬያችን በዚሁ ያልቃል። ፀጉር ሠሪዋ "ነይ ላስተካክልሽ" ስትለኝ እምቢ አልኳት። ጆሮዬ ላይ ጎፍሮ ጃርት አስመስሎኛል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ተንኳኳ። እናቴ ናት። ሙቀቱን ስለማትወድ ኮምቦልቻ ከወረደች ዓመታት አልፈዋል። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ "ያቺ ቆራጭሽ የት ናት?" አለችኝ።

ጠብ ፍለጋ የመጣች መስሎኝ መንገዱን ሁሉ ስለምናት ሄድኩ። ፀጉር ቤቱ እንደደረስን ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። ሽበቷ ከመቼውም ይልቅ አድጓል፤ አንዱ ጎን አጭር ነው፣ ሌላው ረዥም። ያቺ አፈኛ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ምን ላድርግልዎ እማማ?"

"አስተካክይው። ግን እንዳታሳጥሪው፤ ላሳድገው ነው።"

እናቴ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"ያን ዕለት መሬት ላይ ሆኜ፣ ልጄ ሞቶ ከሆነ ምኔን ቆርጬ ነው የማለቅስለት አልኩ። ለአባትሽ ጨርሼዋለሁ። ለእናንተ ምንም አላስቀረሁም።"

ፀጉር ሠሪዋ መቀሷን እንደያዘች ቆመች። "አላህ ልጆችዎን ያኑርልዎ" አለችና ሥራዋን ጀመረች። እትዬ ያኔ እያለቀሱ ያንጋደዱትን፣ እናቴ ስትከረክመው የኖረችውን ፀጉር ቀስ ብላ አስተካከለችው። ስትጨርስ እናቴ መስታወቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የአንቺ ደግሞ ምንድን ነው እንዲህ የጎፈረው? ያን ዕለት የነበረው ይሻልሽ ነበር። በይ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ተቆርጬ ስነሳ አገጬን ይዛ ፊቴን በሩ ወዳለበት ብርሃን አዞረችው።

"አምሮብሻል" አለችኝ።

"አላልኩሽም!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። እኔ እንባዬን መጥረጊያ አጥቼ በአንገቴ ፎጣ ጠረግሁት።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ትወርድልኝና ከወንበሩ ኋላ ቆማ ታዝ ነበር። "ከላይ አትንኪው፣ ፊቷ ይከብዳል።" "ማጅራቷን አሳጥሪው።" እኔ አስተያየት ብሰጥ የሚሰማኝ አልነበረም። የእሷም ሽበት ትከሻዋ ደረሰ፤ አንዳንዴ እኔ እሠራት ነበር፣ እንዳያማት ላላ አድርጌ። እነዚያ ቅዳሜዎች በጣም ይናፍቁኛል።

ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። ሐረጎን መውረድ ሲያቅታት ፀጉር ሠሪዋ መቀሷን ይዛ ከእኔ ጋር ደሴ ወጣች። እናቴ "ጎፍሯል፣ ዓይኔ እያየ ይስተካከል" ብላ አልጋዋ አጠገብ አስቆረጠችኝ። አገጬን ስትይዘኝ እጇ ቀሎ ነበር። ቃሏንም አለችኝ፤ ለመስማት ዝቅ ማለት ነበረብኝ። ከስምንት ቀን በኋላ ቀበርናት።

ከቀብር ስንመለስ እትዬን ደግፈው አመጡልኝ። ዓይናቸው አሁን አያይም። በእጃቸው ራሴን ፈልገው አገኙት፤ ከላይ ዳበሱት፣ ወርደው ማጅራቴን ዳበሱት።

"ቆረጥሽላት፣ ልጄ?"

ድንኳኑ ሙሉ ሴት ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ያን ማክሰኞ፣ ምስሩን፣ ቅዳሜዎቹን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፣ ተውኩት።

"አዎ እትዬ" አልኳቸው። "ለእሷ ነው።"