ከማጠቢያው ሥር

ትናንት በማጸዳው ሕንፃ ውስጥ ቧንቧ ሠሪዎች ግድግዳ ከፍተው ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ እርጥብ ቃጫ ሸተተኝ። ባልዲዬን አስቀምጬ ቆምኩ። ሽታው ዝናብ የመታው ጆንያ ይመስላል፤ እኔን ግን እዚሁ ጀርመን፣ ቦከንሃይም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዲት ጠባብ ኩሽና ውስጥ መለሰኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከአንድ ሽማግሌ ጋር እኖር ነበር፤ ዘመዴ ባይሆኑም አባባ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ ሲገጥሙ፣ እዚህም ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ አበስልላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ፤ እሳቸው ትንሿን ክፍል ሰጡኝ። ከእሷ በቀር የማርፍበት አልነበረኝም።

በዚያ የብርድ ወራት አባባ ምድጃ ሳያጠፉ ወጥተው ቤቱን ጭስ ሞላው። ልጃቸው መጥቶ፣ "አባዬ፣ ሌላ ነገር ከተፈጠረ ሃይም ነው የምትገባው። ሽቫንሃይም ሰፈር ያሉት ቦታ አለን ብለውኛል" አላቸው። ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው፣ "የሽማግሌዎች ቤት ገና ሳይመሽ ነው አሉ የሚያስተኙት። ዶሮ ነኝ እንዴ?" አሉኝ።

ስለዚህ ከማጠቢያው ሥር ውሃ መንጠብጠብ ሲጀምር፣ ሕንፃውን የሚጠግነውን ሃውስማይስተር እንጥራ ብላቸው እንቢ አሉ። እሱ ከሰማ ለልጃቸው ይደውላል። "ቧንቧ ሠሪ ቤት ቧንቧ ሠሪ ይጠራል?" አሉ።

ውሃው የሚወርደው ከግድግዳው የወጣው አሮጌ ብረት ከነጩ ፕላስቲክ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነበር። አባባ የውሃውን መዝጊያ በቱቦ መፍቻ እየታገሉ ዘጉና ተንበረከኩ። በመስኮቱ የገባው ቀጭን ፀሐይ እጃቸው ላይ አርፏል። ማንኪያ ሲይዙ የሚንቀጠቀጠው እጅ በብረቱ ጥርስ ላይ ማሸጊያ ቃጫ ሲጠመጥም ጸጥ አለ። እንደ ሀገር ቤቱ ደራርበው ጠመጠሙ፤ ከዚያ ፕላስቲኩን ብረት እንደሚጠበቅ አድርገው አጠበቁት።

"አባባ፣ አይበዛም?"

"እስኪያቃስት ነው የሚጠበቀው።"

መዝጊያውን መልሰው ከፈቱ፤ ጠብታው ቆሟል። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና፣ "ለልጄ ንገሪው" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ፣ "ተይው፣ አትንገሪው" ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ሳህን ሳጥብ ከሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቃጫው ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ያለቅጥ የጠበቀውን ፕላስቲክ ሰንጥቆታል። ጎንበስ ስል ውሃው ፊቴን መታኝ። ስንጥቁን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ በጣቶቼ መሀል እየፈሰሰ እጄን አደነዘዘው። አባባ መዝጊያውን በመፍቻው ታገሉ። ትናንት የዞረላቸው ዛሬ ንቅንቅ አልል አለ። መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። እኔም ስንጥቁን ለቅቄ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ተመልሼ ያዝኩ።

"ያዥው ልጄ፣ አትልቀቂው" ይላሉ። እኔ እንደያዝኩ ነኝ፤ ውሃው ግን በወለሉ አድርጎ ወደ ኮሪደሩ ሲሄድ ይታየኛል። ከሥራችን የምትኖረው ሴት መጥታ በሩን ስትደበድብ፣ አባባ ከፈቱላት፤ አናግሪያት ቢሉኝ "ቢተ፣ ቢተ" ብዬ ከመለመን በቀር የመጣልኝ ጀርመንኛ አልነበረም።

ሃውስማይስተሩን የጠራችው እሷ ናት። መጥቶ የሕንፃውን ውሃ ከምድር ቤት ዘጋው። አልተቆጣም። የተሰነጠቀውን ፈትቶ በሁለት ጣቱ አሳየን፤ ፕላስቲክ ከብረት ጋር ሲገጠም በእጅ ይጠብቃል፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ። አባባ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ካወራው የገባኝ "ፋተር"፣ አባት የሚለው ብቻ ነበር።

ልጃቸው እንደመጣ ጫማና ካልሲውን አውልቆ ከእኔ ጋር ወለሉን አደረቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጨርቁን እየጨመቀ፣ ቀና ሳይል፣ "ሰኞ ለሃይሙ እደውልና ቀጠሮ እይዛለሁ፣ አባዬ" አለ። አባባ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዩ ነበር። እኔ አንድ ቃል ልናገርላቸው ፈለግሁ። በአማርኛም አልወጣልኝም።

የሚሄዱ ዕለት ልጃቸው ሻንጣውን ይዞ ቀድሞ ወረደ። አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው ከደረጃው አፋፍ ላይ ቆሙ።

"አንቺስ? የት ልትገቢ ነው?"

እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ጓደኛዬ ጋር ቦታ አግኝቻለሁ፣ አባባ።"

አላገኘሁም ነበር።

"ተመስገን" አሉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።